ያረጀው ቆጣሪ ሲነሳ

መራዊ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ሰሞኑን ደውላ «ጋሼ፣ ቆጣሪሽ ዕድሜው አልቋል፣ በዘመናዊው ይቀየራል ተብያለሁ። ልቀበል ወይስ ልከራከር?» ስትል ጠየቀችኝ። መራዊን ለማያውቅ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ የቆጋ ግድብና መስኖ ጎረቤት የሆነች ከተማ ናት። የአጎቴ ልጅ ቤት ቆጣሪ በደርግ ጊዜ የተሰቀለ ነው፤ ጥቁር ሣጥን፣ ከመስታወቱ ሥር ቀይ ምልክት ያለበት የአሉሚኒየም ሰሃን እየዞረ የሚቆጥርበት ዓይነት። መልሴ «ተቀበይ፤ ግን ዝም ብለሽ አትቀበይ» የሚል ነበር። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ግን ስልኩ አልበቃንም።

ከሕጉ ልጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2001 ላይ፣ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት ይላል። መብራት የሸጠልን ድርጅት «የዚህን ወር ይህን ያህል ክፈሉ» ሲል ባለዕዳ ናችሁ እያለን ነው። ማስረጃው ታዲያ ምንድን ነው? ቆጣሪው ነው። ሌላ ምስክር የለም። ገበያ ላይ ጤፍ ስንገዛ ሚዛኑን በዓይናችን እናያለን፣ ካላማረን ወደ ቀጣዩ ነጋዴ እንሄዳለን። የመብራት ሚዛን ግን የሚሰቀለው በኛ ግድግዳ ላይ ቢሆንም የሻጩ ነው፤ ያሸገው ሻጩ፣ የሚያነበው ሻጩ፣ ተበላሸ ብሎ የሚፈርደውም ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው። ወደ ቀጣዩ ነጋዴ መሄድም የለም። ስለዚህ ቆጣሪ ሲቀየር አንድ ዕቃ በሌላ ዕቃ ተተካ ብቻ አይባልም። በሁለት ተዋዋዮች መካከል ያለው ብቸኛ ምስክር ተነስቶ ሌላ ምስክር እየተተካ ነው።

ይህ ጉዳይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብዙ ሰው አላስጨነቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መብራት ርካሽ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ታሪፉ ሳይነካ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ማስተካከያ ተደረገ፤ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተጀመረ፣ ያውም በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል። በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት እንውሰድ። ቆጣሪው በመቶ አምስት ቢሳሳት ስህተቱ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በድሮው ታሪፍ፣ ለዚያ እርከን 50 ሳንቲም ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ 5 ብር ነው፤ የሚከራከርበት ሰው አይገኝም። የመጀመሪያው ማስተካከያ ሲጠናቀቅ የዚያው እርከን ዋጋ ከአንድ ብር ከስድሳ አልፎ ስለነበር ስህተቱ ከ16 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህም ታሪፉ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልሄደም። ዳቦ ቤት ወይም ብረት ብየዳ ያለው ሰው ከቁጥሩ በስተኋላ ዜሮ ይጨምርበት። ዋጋው በወጣ ቁጥር የቆጣሪው ትክክለኛነት የገንዘብ ጉዳይ፣ ከዚያም የክርክር ጉዳይ እየሆነ ይሄዳል።

ለመሆኑ ቆጣሪ ጊዜው ያልፍበታል? አዎን፣ ያልፍበታል። የሚሽከረከረው ሰሃን የተቀመጠበት መቀመጫ ይበላል፣ አቧራ ይገባበታል፣ ፍትጊያው ይጨምራል። ያረጀ የሰሃን ቆጣሪ ብዙውን ጊዜ ይዘገያል፤ አንዲት ትንሽ አምፖል ብቻ ስትበራማ ጭራሽ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ኤሌክትሮኒክስ ቆጣሪ ደግሞ በሌላ መንገድ ያረጃል፦ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ይደክማሉ፣ ባትሪው ያልቃል፣ የቁጥር መስኮቱ ይጠፋል። በጀርመን ሕግ የሰሃን ቆጣሪ የልኬት ዕድሜ 16 ዓመት፣ የኤሌክትሮኒክሱ 8 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወይ በናሙና ተፈትሾ ዕድሜው ይራዘማል ወይ ይነሳል። ዘመናዊው ረጅም ዕድሜ አለው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ቁጥር ሳይገርመው አይቀርም።

በሶፍትዌር ምክንያት የሚያልፍ ዕድሜም አለ። በብዙ አገሮች ያሉ፣ ባለ 20 አሃዝ ቁጥር እየተሞላባቸው የሚሠሩ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1993 ጀምሮ በደቂቃ ነበር። የተመደበላቸው የቁጥር ቦታ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሞላ። ቀድሞ አዲስ ኮድ ያልተሞላበት ቆጣሪ ምንም ሳይበላሽ፣ ምንም ሳይቃጠል፣ አዲስ የተገዛ መብራት አልቀበልም አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በዚህ ተጨንቀው ነበር።

አሁን ወደ ዘመናዊው እንምጣ። ብዙ ሰው የካርዱን ቆጣሪና ስማርት የሚባለውን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ግን አንድ አይደሉም። የካርዱ ቆጣሪ የተሞላለትን ሂሳብ ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ አያወራም። ስማርት ቆጣሪ ግን ከማዕከል ጋር በሞባይል ኔትወርክ ወይም በራሱ በመብራት መስመሩ በኩል ይነጋገራል። ንባቡን ይልካል፣ ትእዛዝ ይቀበላል፣ በውስጡ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ ከሩቅ ሊያቋርጥም ሊቀጥልም ይችላል፣ ከድኅረ ክፍያ ወደ ቅድመ ክፍያም ማንም በር ሳያንኳኳ ሊቀየር ይችላል። በሀገራችን ቀድሞ መግባት የጀመረው ለከፍተኛ ተጠቃሚዎች ነው።

ቆጣሪ በተቀየረ በወሩ «አዲሱ ይበላል» የሚል ሮሮ የማይሰማበት ሰፈር የለም። አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ በልቶ አይደለም፣ አሮጌው ሳይቆጥር ያለፈው አሁን ስለተቆጠረ ነው። የሰሃን ቆጣሪ የተለመደው የስህተት ደረጃ ሲደመር ሲቀነስ ሁለት በመቶ ሲሆን የኤሌክትሮኒክሱ አንድ በመቶ ነው። ሆኖም አዲስ የሆነ ሁሉ ታማኝ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዳንድ ኤሌክትሮኒክስ ቆጣሪዎች ብርሃን መቀነሻ ከተገጠመላቸውና ከመሰል ቆጣቢ አምፖሎች ጋር በቤተ ሙከራ ሲፈተሹ ከእውነቱ ብዙ እጥፍ ከፍ አድርገው ሲያነቡ አግኝተዋቸዋል። እንዲህ ያለው ነገር በተለመደ ቤት በየቀኑ የሚያጋጥም አይደለም፤ ማሽን ሆኖ የማይጠየቅ ግን የለም።

መጠየቂያው ደግሞ ቤታችን ውስጥ አለ፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው። አዲሱ ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብልጭታ እንደሆነ ተጽፏል። 1000 ይላል እንበል። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ። መብራቷ ከቀጠለች ወይ የረሱት ነገር አለ ወይ ከእርስዎ መስመር የሚጠቀም ሌላ ሰው አለ። ከዚያ ምጣዱን ብቻ ያብሩ። ባለ 3 ኪሎዋት ምጣድ በደቂቃ 50 ጊዜ ማስቆጠር አለበት።

እዚህ ላይ ግን በመራዊም በሌሎች ትንንሽ ከተሞችም የሚያጋጥም አንድ ነገር ሰዉን ያሳስተዋል። ማታ ሁሉም ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ጣና የበለስን 460 ሜጋዋት ተርባይን እያዞረ አጠገቡ ያለ መንደር አምፖሉ ቢደበዝዝ የሚገርመው ሰው ብዙ ነው፤ ኃይል ማመንጨትና ኃይል ቤት ድረስ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው። 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ 180 ከሆነ የምጣዱ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ ባለ 3 ኪሎዋቱ 2 ኪሎዋት ሆነ ማለት ነው። ብልጭታው 33 ገደማ ይሆናል። ቆጣሪው አልተሳሳተም። እንጀራው ግን ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ዓይኑም ሳያምር ይቀራል። ስለዚህ ሙከራውን ረፋዱ ላይ፣ መብራቱ ደህና በሆነበት ሰዓት ያድርጉት።

ለአጎቴ ልጅ የነገርኳት ዋናው ነገር ግን የሚቀየርበትን ዕለት የተመለከተ ነው። ባለሙያው መሰላሉን ከማቆሙ በፊት የአሮጌውን ቆጣሪ ቁጥር፣ የመጨረሻ ንባቡንና ማኅተሙን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የሚፈረም ቅጽ ካለ ንባቡ ሳይሞላበት አትፈርሚ፤ ቅጂ ያዢ። አዲሱ ደግሞ ከዜሮ ላይጀምር ይችላል፣ ፋብሪካ ሲፈተሽ የቆጠረው ጥቂት ነገር ይኖራል፤ የመነሻ ንባቡም ይጻፍ። የሚነሳው የካርድ ቆጣሪ ከሆነ በውስጡ የቀረው ሂሳብ ወዴት እንደሚሄድ እዚያው ጠይቂ። ማኅተሙ ቀድሞውኑ ተሰብሮ ከሆነ ማን እንዳገኘውና መቼ እንደታየ ካልተጻፈ፣ በኋላ «አንቺ ነካክተሽው ነው» ቢባል መከራከሪያ አይኖርም።

ይህ ሁሉ ለምን? አሮጌው ተነስቶ መጋዘን ከገባ በኋላ «ቆጣሪሽ ለዓመታት ሲዘገይ ነበር፣ ልዩነቱን ክፈይ» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ስለሚችል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት፣ ሌላ ሕግ ካልወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው በ10 ዓመት ነው። አሥር ዓመት ለአንድ መኖሪያ ቤት ረጅም ነው፤ ተከራይ ይቀያየራል፣ ደረሰኝ ይጠፋል። በእንግሊዝ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደንበኛው ጥፋት ከሌለበት አቅራቢው ወደ ኋላ ሄዶ መጠየቅ የሚችለው ለ12 ወር ብቻ ነው። እኛም እንዲህ ያለ ወሰን ብናበጅ የሚከፋው ሰው ያለ አይመስለኝም። በተቃራኒው ደግሞ ደንበኛው ያለአግባብ ከፍሎ ከሆነ አንቀጽ 2164 የከፈለውን እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሁለቱም ወገን ግን ያለ መጨረሻው ንባብ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም።

ግቢውን ለተከራዮች ያካፈለ ሰውም ሊያስብበት ይገባል። በ2011ዱ ማስተካከያ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ሲቆይ ቀጣዩ እርከን በመጨረሻ ወደ 77 ሳንቲም ደርሷል። በየራሳቸው ቆጣሪ ቢሆኑ ሃምሳ ሃምሳ የሚቆጥሩ ሁለት ድሃ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ መቶ ይሆናሉ፤ ለድሆች የታሰበው ዋጋ ያመልጣቸዋል። ዘገምተኛው ቆጣሪ ይህን እስከ ዛሬ ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። አዲሱ አይሸፍነውም።

ከሩቅ ስለማቋረጥ አንድ ነገር ልበል። ድሮ መስመር ቆራጩ መሰላል ተሸክሞ ሲመጣ ደጅ ላይ ክርክር ነበር፣ ጎረቤት ይሸመግል ነበር፣ «እስከ ነገ ታገሱኝ» ይባል ነበር። ይህ ሕግ ላይ ያልተጻፈ የመሰማት ዕድል ነው፤ በአንድ ቁልፍ ሲዘጋ እሱም አብሮ ይጠፋል። በእንግሊዝ ስማርት ቆጣሪዎችን ያለ ደንበኛው ፈቃድ ከሩቅ ወደ ቅድመ ክፍያ መለወጥ በ2023 እ.ኤ.አ. ትልቅ ውዝግብ አስነስቶ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በግዳጅ ማስገባቱ እንዲቆም አድርጓል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላም አለ፦ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በግጭቱ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በኔትወርክ የሚኖር ቆጣሪ ኔትወርክ ሲጠፋ ንባቡን ራሱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሰዉ ግን በስልኩ መሙላት አይችልም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሂሳቡ ያለቀበት ቤት ይዘጋ ወይስ በዕዳ ይቀጥል የሚለው ቀድሞ በውሉ ላይ መጻፍ ያለበት ነው።

የስማርት ቆጣሪ ጥሩ ጎን ብዙ የማይወራለት ነው። የኛን አጠቃቀም ብቻ አይመዘግብም፤ መብራት የጠፋበትን ሰዓትና ቮልቴጁ የወረደበትንም ሊመዘግብ ይችላል። እስከ ዛሬ «ፍሪጄን ያቃጠለው የናንተ መብራት ነው» የሚል ሰው ከቃሉ በቀር ማስረጃ አልነበረውም። አሁን ምስክሩ ግድግዳው ላይ አለ፤ ችግሩ ቃሉን የሚሰጠው ለአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለራሱ የተሰበሰበን መረጃ የማየት መብት ይሰጠዋል። ቤተሰብ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ ምጣድ እንደሚጥድ፣ መቼ ቤቱ ባዶ እንደሆነ የሚናገር መዝገብ የግል መረጃ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፦ የደንበኛ ቁጥር፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ የሚፈለገው ወር፣ ከዚያም «የንባብ፣ የቮልቴጅና የመቋረጥ ዝርዝር ይሰጠኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ይስፈርበት። መልስ ካልተገኘ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የተጀመረውን የቁጥጥር ሥራ ዛሬ የያዘው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ፤ ያቺ የተፈረመባት ቅጂ ከአቤቱታው ጋር ትያያዛለች።