መልቀቂያው ከመጻፉ በፊት

ከወሎ ሰፈር በኦሎምፒያ በኩል ወደ ካዛንችስ በሚዘልቀው መስመር ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሕንፃዎች ሥር፣ በሻይ ሰዓት ማኪያቶ ሲታዘዝ አብሮት የማይቀር አንድ ወሬ አለ፤ «እኔስ ልለቅ ነው»። የባንክ ቴለሯ ትለዋለች፣ የአስመጪ ድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ይለዋል፣ በር ላይ የቆመው የኤጀንሲ ጥበቃም አይቀርበትም። አብዛኞቹ ዓመት ዞሮ ሲመጣም እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን አንድ ቀን ከአለቃ ጋር ይጋጩና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥለው ይወጣሉ። ሁለቱም ወገን ዋጋ ይከፍላል። የኋለኞቹ ምን እንዳጡ የሚገባቸው ግን ከወራት በኋላ ነው።

የማይወዱትን ሥራ ስለመልቀቅ ከተደረጉ ጥናቶች መካከል ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ የተሠራው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው፣ ለፋብሪካና ለዘመናዊ እርሻ ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ያመለከቱበት ሥራ ተሰጣቸው። ሁለተኞቹ 300 ዶላር ያህልና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኙ። ሦስተኞቹ በነበሩበት ቀሩ። ሥራውን ከያዙት ሲሶ ያህሉ የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ ወጡ፤ ዓመቱ ሲሞላ 77 በመቶው ለቀው ነበር።

አሠሪዎች እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያዩ «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ማለት ይቀናቸዋል። ጥናቱ የሚናገረው ሌላ ነው። የፋብሪካው ሥራ ሰዓቱ ረዥም ሆኖ ገቢው በሰፈር ውስጥ ተሯሩጦ ከሚገኘው ብዙም አይበልጥም ነበር። በዚያ ላይ አንድ ሰው እዚያ በቆየ ቁጥር፣ ከባድ የጤና ችግር የሚገጥመው ዕድል በየወሩ በአንድ መቶኛ ነጥብ ይጨምር ነበር። ሠራተኞቹም ይህን አያውቁም አልነበረም። የተሻለ እስኪያገኙ መጠለያ አድርገው ገቡበት፤ ባገኙ ጊዜ ወጡ። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ደግሞ ከዓመት በኋላ ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ውጤት ብዙ ሲያነጋግር ቆየ። አጥኚዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን የሦስቱ ቡድኖች ኑሮ ተቀራርቦ አገኙት። የፋብሪካውን ሥራ የለቀቀ ሁሉ አልወደቀም፤ ለቅቆ መውጣቱም ለብቻው ኑሮውን አልለወጠለትም።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት የለቀቀውና የተተካው ሠራተኛ ቁጥር ከጠቅላላው የሠራተኛ ብዛት ጋር የሚስተካከል ነበር። ኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያልደነገገች አገር መሆኗን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ለሚያመነቱ ሰዎች የተሠራ ሌላ ለየት ያለ ሙከራም አለ። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ስቲቨን ሌቪት «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ» እያሉ የሚዋልሉ ሰዎችን በኢንተርኔት ሳንቲም እንዲያስወረውሩ ጋበዘ። ከ20,000 ጊዜ በላይ ተወረወረ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ ለውጥ ያደረጉት ባሉበት ከቀሩት ይልቅ ደስተኞች መሆናቸውን ተናገሩ። ውጤቱ ሰው ሲያመነታ ወደ መቆየት እንደሚያደላ ይጠቁማል። እንዲህም ሆኖ የሌቪትን ሳንቲም ወሎ ሰፈር አምጥቶ መወርወር አይመከርም። እዚህ የቤት ኪራይ የሚጠየቀው በቅድሚያ ነው፤ ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት የሚከፍለው የሥራ አጥነት መድን የለም። የለቀቀውን ሰው የሚደግፈው ቤተሰቡና ያጠራቀመው ብቻ ነው። ያ ከሌለ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ልልቀቅ ወይ» የሚለው አይደለም። የሚጠላው ሥራው ራሱ ነው፣ አለቃው ነው፣ ወይስ ደመወዙ? ሒሳብ መሥራት የሰለቸው ሰው ሌላ ድርጅት ሄዶ ያንኑ ሒሳብ ቢይዝ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አለቃው ያስመረረው ግን ሙያውን ሳይነካ ክፍል ወይም ቅርንጫፍ በመቀየር ሊተነፍስ ይችላል። አልበርት ሂርሽማን የተባለው ምሁር በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቅር የተሰኘ ሰው አንድም ይወጣል አንድም ይናገራል ብሎ ነበር። በአዲስ አበባ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ የሚዘለለው መናገሩ ነው። ሠራተኛው ለባልደረቦቹ ሁሉ ሲያማርር ከርሞ፣ ለሚመለከተው ኃላፊ አንዲት ደብዳቤ ሳይጽፍ ይወጣል።

ሥራ ፍለጋውም ገንዘብ ይበላል። ሳይመን ፍራንክሊን በአዲስ አበባ ወጣቶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ከዳር ሰፈሮች ተነስቶ መሀል ከተማ ያሉ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ዘንድ ለመድረስ የሚወጣው የትራንስፖርት ወጪ ራሱ ሰዎችን ከፍለጋ እንደሚያስቀር አሳይቷል። የታክሲ ሒሳብ ሲደጎምላቸው ፍለጋቸው በረታ። እሱ የተሳተፈበት ሌላ ጥናት ደግሞ ሲቪ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ዝግጅት የተማሩ፣ ችሎታቸውም ተፈትኖ ማስረጃ የተሰጣቸው ወጣቶች፣ ከአራት ዓመት በኋላ የተሻለ ገቢ እንደነበራቸው አረጋግጧል። ዛሬ ማስታወቂያው ከሪፖርተር ጋዜጣ ወደ ቴሌግራም ቻናል ቢዛወርም፣ ደመወዝ እየገባ መፈለግና ደመወዝ ተቋርጦ መፈለግ አንድ አይደሉም። ደመወዝ ያለው ሰው በመጀመሪያ የቀረበለትን ሥራ እንቢ ማለት ይችላል።

አሁን ወደ ሕጉ። የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ይተዳደራል። በሙከራ ጊዜ፣ ማለትም እስከ 60 የሥራ ቀናት ድረስ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠት ባይጠበቅበትም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሳይሰጥ ከወጣ አሠሪው ካሣ ሊጠይቀው ይችላል፤ መጠኑ ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም።

ያለ ማስጠንቀቂያ ለመውጣት ሕጉ በር የሚከፍትባቸው ሁኔታዎችም አሉ። አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ፣ ሠራተኛው ወይም ሠራተኛዋ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰባቸው፣ ለጤና ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩ ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ፣ ወይም መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልተወጣ ማለት ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ መብቱም የሚሠራው ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ሲብሰለሰል የቆየ ሰው በሕጉ ዓይን እንደ ማንኛውም ለቃቂ 30 ቀኑን ይጠብቃል።

ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው አምስተኛው ዓመት ያለውን ዋጋ ነው። ለጡረታ ያልደረሰ ሠራተኛ አምስት ዓመት ካገለገለ፣ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም እንኳ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ እስከሌለበት ድረስ የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው፤ ጠቅላላው ከአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ አይበልጥም። 18,000 ብር እየተከፈለው ስድስት ዓመት የሠራ ሰው 48,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ተናድዶ የወጣ ግን ይህን አያገኝም። ለሁለት ወር ትዕግሥት ይህን ያህል የሚከፍል ሌላ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጥና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርበታል። ጡረታውን በተመለከተ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት አገልግሎት በአዲሱ መሥሪያ ቤት ይቀጥላል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም።

በወረቀት የማይታዩ እስሮችም አሉ። የቢሮ እቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ቢለቅም ዕዳው ይከተለዋል። በሠራተኛነቱ በዝቅተኛ ወለድ የቤት ወይም የመኪና ብድር የወሰደ የባንክ ሠራተኛ፣ ሲወጣ ወለዱ ምን እንደሚሆን ውሉን አስቀድሞ ያንብብ። ገንዘብ ያዥና ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠሩት ደግሞ ዋስ አላቸው፤ ቆጠራው ተጠናቅቆ ርክክቡ በፊርማ እስኪያልቅ ዋስ የሆነላቸው አጎትም አብሮ ታስሮ ይቆያል። ክሊራንስ ሲያልቅ ዋሱ መለቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ ለአጎቱ የሚደረግ ትንሽ ውለታ ነው።

አወጣጡን በተመለከተ አገሪቱ ከላይ ያየችው አንድ ምሳሌ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ ማስገባታቸውን የካቲት 8 ቀን 2010 አስታወቁ፤ ቢሯቸውን ያስረከቡት ግን መጋቢት 24 ቀን ነበር። በመካከሉ ያሉትን ሳምንታት በሥራቸው ላይ ቆዩ። የፖለቲካውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች ብንተወው፣ ርክክቡ ከብዙ የቢሮ ሠራተኞች የተሻለ ነበር።

መልቀቂያው ራሱ አጭር ቢሆን ይሻላል፤ የሚለቁበት ቀን፣ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ መጀመሪያና የምስጋና አንድ መስመር ይበቃዋል። የአለቃን ጥፋት መዘርዘር ማኅደር ውስጥ ከመቀመጥ በቀር የሚያመጣው የለም። በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ «ደረሰኝ» በሚል ፊርማና ቀን ይመለስ። የሥራ ዓይነቱን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው እንጂ የመልካም ፈቃዱ ጉዳይ አይደለም። ቀሪ ክፍያውም ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ቢዘገይ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል። የቀረ ክፍያ ያለው ሠራተኛ ግን «ነገ ይሰጡኛል» እያለ አይጠብቅ፤ ሥራው በተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልመሠረተ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል።