ዘበኛው የቤቱን ሰው ሲመታ (ስለ አንድ የኩላሊት በሽታ)

ከዐባይ ቈላ ትኵሳት ይዞት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የወጣ ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ፥ ብዙ ጊዜ ጣቱ ይወጋና ጠብታ ደሙ በስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሚፈለገው የወባ ተሕዋስ ነው። በዚያው ስላይድ ላይ ግን፥ የሚያየው ሰው ልብ ካለ፥ አልፎ አልፎ ሌላ ነገር ይገኛል፤ ክብነታቸው ጠፍቶ እንደ ተሰበረ ገል የተቈራረጡ ቀይ የደም ሕዋሳት።

የቈራረጣቸው በኩላሊት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የረጋው ደም ነው፤ በእርሱ መካከል ሲሾልኩ ይቀደዳሉ። በሽተኛው ደሙ ያንሳል፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች እዚያው ስለሚያልቁ ቍጥራቸው ይወርዳል፤ ሽንቱ ይቀንሳል፥ ፊቱና እግሩ ያብጣል። «ብርድ መትቶት ነው» የሚል ጎረቤትም አይጠፋም።

የመርጋቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ አንዱ ብቻ ነው። የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን አነጋገሬን ይታገሡኝ። በደማችን ውስጥ ኮምፕሌመንት የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደ ሌሊት ዘበኛ ይዞራሉ፤ ጀርም ሲያገኙ ይለጠፉበታል፥ ይበሱታልም። ነገር ግን ይህ ዘበኛ በጨለማ ሰው አይለይም። «ተው፥ ይኸ የቤት ሰው ነው» የሚለው ፋክተር ኤች የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። ቅርጹ 20 ዶቃ እንደ ተሰካበት ክር ሲሆን፥ የገዛ አካላችንን የሚለየው በተለይ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዶቃዎች ነው።

በአንዳንድ ሰው ጀርም ለመያዝ የተፈጠረው አንቲቦዲ ተሳስቶ እነዚህኑ ዶቃዎች ይይዛል። ያን ጊዜ የገላጋዩ አፍ ታፈነ ማለት ነው። ዘበኛው የኩላሊትን የደም ሥር ግድግዳ ይደበድባል፤ በቈሰለው ግድግዳ ላይ ደም ይረጋል። የፓሪስ ሐኪሞች ይህን የገለጡት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ከመረመሯቸው 48 ሕፃናት በ3ቱ ላይ አገኙት። በኋላ በዐዋቂዎችም ታየ፥ ከልጆቹ ግን ያንሳሉ።

ታዲያ «ኩላሊቱ ደከመ» ተብሎ ብቻ ቢታለፍስ? የኩላሊት እጥበት ቆሻሻ ያወጣል እንጂ ዘበኛውን አያቆምም። ሕክምናው የበሽተኛውን ፕላዝማ አውጥቶ በጤነኛ ሰው ፕላዝማ መተካት፥ አንቲቦዲውን የሚሠሩትንም ሕዋሳት በመድኃኒት ማድከም ነው። ዘበኛውን ራሱን የሚያስር ኤኩሊዙማብ የተባለ መድኃኒትም አለ፤ ዋጋው ግን በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ሆኖም አንቲቦዲው ሳይጠፋ ወንድም ለወንድሙ ኩላሊቱን ቢሰጥ፥ በሽታው በተሰጠው ኩላሊት ላይ ሊደገም ይችላል። ሁለት ወንድማማች፥ አንድ ጤነኛ ኩላሊት ብቻ!

ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር፥ ከቢቸናም ወደ ደብረ ማርቆስ በሚላከው ወረቀት ላይ፥ «ወባ የለም» ከሚለው በታች «ቀይ ሕዋሳት ተቈራርጠዋል፥ ፕሌትሌት አንሷል» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ተቀባዩ ሐኪም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። አንቲቦዲው የሚፈለግበት ደም ደግሞ ፕላዝማው ከመለወጡ አስቀድሞ መቀዳት አለበት።