ለእንቁጣጣሽ የሚመረግ ግድግዳ፦ የሚባለውና እውነቱ

ነሐሴ ሲያልቅ የጭቃ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዐይኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል። በባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ በየጁቤም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ ክረምቱ የላጠው ምርግ፣ ጭስ ያጠቆረው ጓዳ፣ ጥጉ ላይ የበቀለ ሻጋታ እንግዳ ሳይመጣ መሸፈን አለበት። ወጉ ያምራል፤ ከወጉ ጋር ተያይዘው የሚነገሩት አንዳንድ ነገሮች ግን ቤቱን ይጎዳሉ፤ አንዱ ደግሞ ከቤቱ አልፎ ሰውን ይጎዳል።

ግድግዳ ከመስከረም 1 በፊት ካልታደሰ ምኑን አዲስ ዓመት ሆነ የሚለው በብዙ ሰው አፍ ላይ አለ። ይሁንና ጳጉሜን ላይ ሰማዩ ቢከፈትም የግድግዳው ውስጥ ገና ክረምት ነው። ሦስት ወር ዝናብ የጠጣ ጭቃ በሳምንት ፀሐይ አይደርቅም። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ውኃው መውጫ ሲያጣ ያብጣል፤ ከዚያ ይላጣል፤ ሻጋታውም ከሥር ብቅ ይላል። ለማወቅ ከፈለጉ መዳፍ የሚያህል ጥርት ያለ ላስቲክ ዙሪያውን በስኮች አጣብቀው ያሳድሩት። ጧት ከላስቲኩ ሥር ላብ ካገኙ ግድግዳው አልደረሰም፤ የወባ መድኃኒት ያልተረጨበት ከሆነ ጥቅምትና ኅዳር ይጠብቁ። ለበዓሉ መጋረጃው ቢታጠብ፣ የጣሪያው ጥላሸት ቢራገፍ፣ የቁም ሣጥኑና የአልጋው ቦታ ቢለዋወጥ፣ ቄጤማው ቢጎዘጎዝ ቤት አዲስ ይመስላል። እንዲያውም እንግዳ ከግድግዳው ይልቅ የሚያየው ይህንኑ ነው።

“ሲሚንቶ ቢለሰን ለዘላለም ተገላገልን” የሚሉም አሉ። ብር ያጠራቀመ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። ጭቃና እንጨት ሲረጥቡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ አብሯቸው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ውኃ ከልስኑ ጀርባ ታፍኖ ይቀራል፤ ማገሩና ምሰሶው ከውስጥ መበስበስ ይጀምራሉ፣ ምስጥም ይመቸዋል። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ደህና ነው፤ ሲያንኳኩት ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ አንድ ቀን ልስኑ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወርዳል። የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ፣ እየተረገጠ፣ ቀናት አድሮ ሽታው እስኪለወጥ ሲብላላ የሚገኘው የድሮው ምርግ ግን ከግድግዳው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ጭዱም ስንጥቁን ይይዛል። ምርጉ ቶሎ የሚበላው ከታች፣ የጣሪያ ውኃ መሬት መትቶ በሚፈናጠርበት በኩል ነው። ስለዚህ ለሲሚንቶ የታሰበው ገንዘብ ቆርቆሮውን ረዘም ለማድረግ፣ መሠረቱን በድንጋይ ለማሠራትና ውኃ መውረጃ ቦይ ለመቆፈር ቢውል ይሻላል።

ኖራን የድሃ ቀለም የሚያደርገው አስተሳሰብም አለ። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ የተሻገረ ሰው በሸለቆው ግድግዳ ላይ የኖራና የጀሶ ድንጋይ ተነባብሮ አይቷል። የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ በውኃ ሲበርድ የሚገኘው ቅብ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ግድግዳው ላይ መልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ እርጥበት ያስተነፍሳል፣ ሻጋታም አይወደውም። የዘይት ቀለም ግን እርጥበቱን ያፍነዋል። ኖራው በውኃ ሲበርድ ስለሚፈላና ዐይን ስለሚያጠፋ ሕፃናትን ያርቁ፤ በቀጭኑ ደጋግመው ይቀቡ፤ ወፍራም ከሆነ እየተራገፈ ልብስ ያነጣል።

እበትን በተመለከተ ሁለት ጽንፍ አለ። ከተማ ቀመሱ ይጸየፈዋል፤ ሌላው ምንም አይልም ይላል። በውስጡ ያለው ያልተፈጨ የሣር ጭረት ወለሉን አያይዞ አቧራ ያስቀራል፤ ሆኖም የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም በከብት እበት ውስጥ ሊኖር ይችላል። እጇ የቆሰለ ሴት ባትለቀልቅ፣ አራስ ቤትም ባይለቀለቅ ይመረጣል።

አሁን ከሁሉ የከበደው። የባሶ ሊበን ቆላ ወደ ዓባይ ሲወርድ ወባ አለ፤ የበሽታው ዋና ወቅት ደግሞ ከክረምቱ መውጣት በኋላ መስከረም ላይ ይጀምራል። ለዚህም ሲባል የቤት ውስጥ የፀረ ትንኝ መድኃኒት ርጭት የሚካሄደው ቀደም ብሎ ነው። ብዙዎች መድኃኒቱ የሚሠራው በጠረኑ ነው፤ ጠረኑ ከጠፋ ሥራውን ጨርሷል ብለው ያስባሉ። መድኃኒቱ ግን የሚሠራው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በመቆየት ነው። የወባ ትንኝ ደም ከመጠጠች በኋላ ከብዷት ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ያን ጊዜ እግሯ መድኃኒቱን ነክቶ ትሞታለች። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ አዲስ ምርግ ወይም ኖራ ሲደረብበት መድኃኒቱ ከሥር ይቀበራል፤ ትንኟ የምታርፈው ንጹሕ ጭቃ ላይ ይሆናል። ቤቱ አምሮ፣ ልጆቹ ጥቅምት ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ከርጭት በኋላ ለ6 ወር ያህል ግድግዳ አትምረጉ፣ አትቀቡ የሚባለው ለዚህ ነው። መመረግ የግድ ከሆነ ረጪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ተመርጎ መድረቅ አለበት፤ ቀኑን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትነግርዎታለች። ርጭቱ ካለፈ ደግሞ ወለሉን ይለቅልቁ፣ የደጁን አጥርና የበሩን መቃን ያሳምሩ፤ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ እስከ መጋቢት አይንኩት።