የአቤ ሐይቅ ወሬ፦ ነባር የሳይንስ ልብወለድ ፊልም በአዲስ ተዋንያን ሲጀመር

ከጅቡቲ ከተማ፣ ከሃያብለ ሰፈር ተነስቶ በዲኪል በኩል አቤ ሐይቅ የሚደርስ ሰው ምድር ላይ መሆኑን ይጠራጠራል። ከሜዳው እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብለው የወጡ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ ረጃጅሞቹ 50 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ከሥራቸው ፍል ውሃ ይንተከተካል፤ ከአንዳንዶቹ አናት እንፋሎት ይወጣል። ኢትዮጵያዊ ተጓዥ እዚያ ሲደርስ የሚያውቀው ወንዝ መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ ከጊንጪ አካባቢ የሚነሳው አዋሽ ባሕር ሳያይ የሚያበቃው እዚሁ ነው።

ስለዚህ ቦታ ጅቡቲ ውስጥ የቆየ ወሬ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «የዝንጀሮዎች ፕላኔት» የተቀረፀው እዚህ ነው ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። የበረሃው ክፍል የተቀረፀው በአሜሪካ አሪዞናና ዩታ፣ በፓውል ሐይቅ ዙሪያ ሲሆን፣ የነፃነት ሐውልት አሸዋ ውጦት የሚታይበት ዝነኛው መጨረሻ የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ነው። ያም ሆኖ ወሬው ለዚህ ዳሰሳ ጥሩ በር ይከፍታል። ያ ፊልም ሁለት ጊዜ በአዲስ ተዋንያን እንደገና ተጀምሯልና፤ አንዴ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ አንዴ ሰምሮለታል።

ላስቲክ የለበሱ ፊቶች

ታሪኩ የተወለደው ፈረንሳዊው ፒየር ቡል እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ልብወለድ ነው። ፍራንክሊን ሻፍነር ወደ ፊልም ሲያመጣው ቻርልተን ሄስተን ጠፈርተኛውን፣ ሮዲ ማክዳወል ደግሞ ቺምፓንዚውን ኮርኔሊየስን ሆነው ተወኑ። ሜካፑን የሠራው ጆን ቻምበርስ ልዩ የኦስካር ክብር አገኘበት። ከተዋንያኑ ፊት ላይ የሚለጠፈው ስስ ስፖንጅ መሰል ላስቲክ ግን አንድ ጣጣ ነበረው፤ ፊቱ ዝም ካለ ጭምብል ይመስላል። ስለዚህ ማክዳወል አፍንጫውን ያሸበሽብ፣ ጉንጩን ያንቀሳቅስ፣ ያለማቋረጥ ዓይኑን ያርገበግብ ነበር፤ ባልደረቦቹንም እንዲሁ እንዲያደርጉ መከራቸው። ላስቲኩ ነፍስ የዘራው በዚህ ድካም ነው። እስከ 1973 አራት ተከታይ ክፍሎች ወጡ፤ በ1974 ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ።

ሁለቱ አዲስ ጅማሮዎች

በ2001 ቲም በርተን ማርክ ዋልበርግን ይዞ ታሪኩን ከሥሩ ጀመረው። የሪክ ቤከር ሜካፕ ከቀድሞው እጅግ የረቀቀ ነበር፤ ፊልሙም በዓለም ዙሪያ ከ360 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ክፍል ሁለት ግን አልመጣም። ተመልካቹ እንደ ድሮው ከሰውዬው ጋር መጥቶ፣ እንደ ድሮው ተደንቆ፣ እንደ ድሮው ወጣ።

በ2011 የሩፐርት ዋያት ፊልም የተመልካቹን መቀመጫ አዞረው። ዋናው ሰው ዝንጀሮው ሆነ። ቄሳር የተባለውን ይህን ዝንጀሮ የሠራው አንዲ ሰርኪስ ላስቲክ አልለበሰም፤ ፊቱ ላይ በተነጠቡ ምልክቶችና ከራሱ በተገጠመች ትንሽ ካሜራ እያንዳንዱ የዓይኑ እንቅስቃሴ ተለቀመ፤ የኒውዚላንዱ ዌታ ኩባንያም በኮምፒዩተር የቺምፓንዚ አካል አለበሰው። ማክዳወል እንዲታይ ብሎ የሚያጋንነውን ሰርኪስ በዝምታ መናገር ቻለ። የፊልሙ ትልቁ ቅጽበት ቄሳር የመጀመሪያ ቃሉን ሲያወጣ ነው፦ «እምቢ!» የዚህች ቃል ዘር በ1971ዱ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ተዘርቶ ነበር፤ የመጀመሪያው የዝንጀሮ ቃል ይህ እንደነበር እዚያ በወሬ ይነገራል። አዲሶቹ ሠሪዎች አሮጌውን ፊልም በደንብ አንብበው፣ በወሬ ያለፈውን በዓይን አሳዩት። ከዚያ በ2014፣ በ2017 እና በ2024 ተከታዮቹ መጡ፤ በመጨረሻው ሰርኪስ እንኳ ሳይኖር ኦወን ቲግ ኖዋ በሚባል ወጣት ዝንጀሮ ታሪኩን ተረከበ።

ሌሎች መንገዶች

ኩባንያዎች ወደ ነባር ርዕስ የሚመለሱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ስሙን ሕዝብ ያውቀዋል፣ መብቱም በእጃቸው ነው። ተዋናይ የሚቀየርበት ዘዴ ግን ይለያያል። የ2009ኙ «ስታር ትሬክ» ታሪኩን ወደ ሌላ የጊዜ መስመር አስገብቶ ዛካሪ ኩዊንቶን ስፖክ አደረገው፤ ነባሩን ስፖክ ሌናርድ ኒሞይንም አጠገቡ አቆመው። «ስታር ዋርስ» በ2015 አዛውንቶቹ ለወጣቶቹ እንዲያስረክቡ አደረገ። የእንግሊዙ «ዶክተር ሁ» ከ1966 ጀምሮ የዋናውን ሰው ፊት መለወጥ የታሪኩ ሕግ አድርጎታል፤ ሩዋንዳ የተወለደው ንኩቲ ጋትዋም ተራው ደርሶት ተጫውቶታል። «ተርሚኔተር» ግን በ2015 እና በ2019 አዲስ ተከታታይ ሊጀምር ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ክፍል አላለፈም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ትዝታን ማሕሙድ አሕመድም፣ በዛወርቅ አስፋውም፣ አስቴር አወቀም ዘፍነዋል። «ተዘፍኖ የለም ወይ?» የሚል አድማጭ አላጋጠመኝም። አድማጭ የሚጠብቀው ዘፋኙ የራሱን ናፍቆት ይዞ እንዲመጣ ነው። የፊልሙም ሚዛን ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፦ አዲሱ ተዋናይ የሚያዋጣው የራሱ ሕመም ካለው አሮጌው ታሪክ ያድጋል፤ ከሌለው ልብስ መለወጥ ብቻ ይሆናል።

የእኛ ምድር፣ የእኛ ፊት

አፍሪካ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የታየችው በመሬቷ ነው። «ስታር ዋርስ» በ1977 ቱኒዚያን የሌላ ፕላኔት በረሃ አደረጋት። ቶም ሃርዲ በሜል ጊብሰን ፋንታ የገባበት የ2015ቱ «ማድ ማክስ» በአብዛኛው የተቀረፀው ናሚቢያ ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልም የሚባለው «ክራምብስ» ሲወጣ ዳሎልን ከዓለም ፍጻሜ በኋላ ያለች ምድር አድርጎ አሳየ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ቢሆንም ታሪኩን የተሸከሙት ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው። ጅቡቲ ከተማም በ2021 በካዳር አይድሩስ አሕመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» ፊልም የራሷን ጎዳናና የራሷን ፊት አሳይታ በፌስፓኮ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወስዳለች። ሳይንሳዊ ልብወለድ ባይሆንም፣ እዚህ የሚቀረፅ ታሪክ ዓለም ቁጭ ብሎ እንደሚያየው አስመስክሯል።

የአቤ ሐይቅ ወሬ ስለዚህ ያሳዝነኛል፤ ደስም ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ያን የመሰለ መሬት ክብሩን ካልተቀረፀበት ፊልም መበደሩ ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ ወሬውን የሚያወሩት ሰዎች ዓምዶቹን አይተው ታሪክ እንደሚገባቸው ማወቃቸው ነው። ያን ታሪክ የአፋር፣ የሶማሌ ወይም የአማራ ልጅ ቢጽፈው፣ ተዋንያኑም ከዲኪልና ከሃያብለ ቢመጡ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደገና ሊጀመር የሚገባው ነባር ፊልም የእኛ ይሆናል።