ዘግይቶ የሚጀመር፣ ቀድሞ የሚቋረጥ ኪኒን

አይረንና ፎሊክ አሲድ በአንድ ኪኒን ተቀላቅለው ለነፍሰ ጡር ይሰጣሉ እንጂ ሥራቸውም ጊዜያቸውም አንድ አይደለም። በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ የሚታደለው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል። ፎሊክ አሲዱ ትልቁን ሥራውን የሚሠራው ፅንሱ ገና አንድ ወር ሳይሞላው ነው። አይረኑ ግን አጥብቆ የሚፈለገው ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ፣ እስከ ወሊድና ከወሊድም አልፎ ነው። በተግባር የሚታየው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፎሊክ አሲዱ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይጀመራል፣ አይረኑም ሥራውን ሳይጨርስ ይቋረጣል። ኪኒኑን ለእናቶች የሚያድል ባለሙያ ከሁሉ በላይ የሚታገለው ከእነዚህ ሁለት ክፍተቶች ጋር ነው።

ፎሊክ አሲድ ከቫይታሚን ቢ ዘሮች አንዱ ሲሆን ሕዋስ በሚባዛበት ቦታ ሁሉ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦምቤይ በድህነት የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮችን የሚያጠቃው ከባድ ደም ማነስ ማርማይት በተባለ ከእርሾ በሚሠራ ምግብ እንደሚድን አሳዩ። በምግቡ ውስጥ የነበረው ፈዋሽ ነገር ኋላ ፎሊክ አሲድ ተብሎ ታወቀ። ዛሬ ግን ከደም ማነስ ይልቅ ይበልጥ የሚያሳስበው የፅንሱ አፈጣጠር ነው። የአንጎልና የህብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቱቦ ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ተጠቅልሎ መዘጋት አለበት። ታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ስፓይና ቢፊዳ ይዞ ይወለዳል፤ ጀርባው ላይ የተከፈተ ቁስል ይኖረዋል፣ እግሩ ሊሽመደመድ፣ ጭንቅላቱም ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ላይ በኩል ካልተዘጋ አንጎሉና የራስ ቅሉ ስለማይሠሩ ሕፃኑ አይተርፍም። በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል የተመራውና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ያረገዙ ሴቶች ከፅንሰት በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

28ኛው ቀን ማለት የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ነው። በዚያ ሰዓት ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በመጀመሪያው ሦስት ወር ውስጥ የእርግዝና ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወለዱት መካከልም ከአራቱ የአንዱ ያህል እርግዝና ጨርሶ ያልታሰበበት ወይም በዚያን ጊዜ ያልተፈለገ ነበር። ስለዚህ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ለምትመጣ ነፍሰ ጡር የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ ለደሟ ይጠቅማታል እንጂ ቱቦውን አይዘጋም። ይህን ጉዳይ መሸፋፈን ለማንም አይበጅም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች የዚህ ችግር መጠን ዱቄታቸውን በፎሊክ አሲድ ከሚያበለጽጉ አገሮች በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ያሳያሉ።

መፍትሔው ኪኒኑን ከነፍሰ ጡር ክትትል ክፍል አስቀድሞ መስጠት ነው። ለዚህ ደግሞ ቦታው አስቀድሞ አለ፤ እሱም የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ነው። በክንዷ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ ልታስወጣ የመጣች ወይም መርፌዋን ያቋረጠች ሴት «ልጅ እፈልጋለሁ» እያለች ነው። ክንዷ በፋሻ ታስሮ ባዶ እጇን ከምትወጣ የወራት ፎሊክ አሲድ ይዛ ብትወጣ ያ 28 ቀን ሳይታሰብ አያልፍም። ልማዱ 400 ማይክሮግራሙን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መጀመርና እስከ 12ኛው ሳምንት መቀጠል ነው። የሚጥል በሽታ ኖሮባቸው ቫልፕሮየት ወይም ካርባማዜፒን የሚወስዱ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ፅንስ ያረገዙ ሴቶች ግን ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋቸው ሳያረግዙ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ባለ 5 ሚሊግራም ኪኒን ለእንደነዚህ ያሉት ሴቶች ነው፤ መጠኑ ከተለመደው ከ12 እጥፍ ይበልጣል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያለበት ሰው ብዙ ፎሊክ አሲድ ቢወስድ ደሙ የተስተካከለ መስሎ የነርቩ ጉዳት ተደብቆ ሊቀጥል ስለሚችል፣ «ብዙ ቢሆን ምን ይጎዳል» ተብሎ የሚታደል ነገር አይደለም። ሳያቅዱ ለሚያረግዙት ግን ከኪኒን ይልቅ የሚደርስላቸው የበለጸገ ዱቄት ነው። አሜሪካ ይህን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አስገዳጅ አድርጋለች፤ በኢትዮጵያም የስንዴ ዱቄት ማበልጸግን አስገዳጅ የሚያደርግ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸድቋል።

የአይረን ሒሳብ ሌላ ነው። አንድ እርግዝና ከእናቲቱ በድምሩ ወደ 1000 ሚሊግራም አይረን ይጠይቃል። ከዚህ 300 ያህሉ ለፅንሱና ለእንግዴ ልጁ ይሄዳል፤ ከ450 እስከ 500 የሚሆነው እየጨመረ ለሚሄደው የራሷ ቀይ ደም ይውላል፤ ቀሪው በየቀኑ በሰውነት የሚባክነውን ይተካል። በእርግዝና ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲጨምር ቀይ ሕዋሱ ያን ያህል ስለማይጨምር ደሙ በተፈጥሮው ይቀጥናል። ለዚህ ነው ለሌላ ሴት 12 የሆነው የሄሞግሎቢን ወሰን ለነፍሰ ጡር ወደ 11 ግራም በዴሲሊትር የሚወርደው፤ በእርግዝናው መካከለኛ ሦስት ወር ደግሞ 10.5 ይሆናል። ከ7 በታች ከወረደ ነገሩ ከኪኒን አልፎ የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

በደጋ አገር ይህን ቁጥር ሲያነቡ ጥንቃቄ ያሻል። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ያስጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ነች። የቆየው የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ በ2000 ሜትር ላይ ከተለካው 0.8 እንዲቀነስ ያዛል፤ አዲሱ ሰንጠረዥ ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ በመጨረሻው ሦስት ወር ላይ ያለች የአዲስ አበባ ነፍሰ ጡር 11.5 ተብሎ ሲጻፍላት «ደምሽ ጥሩ ነው» የምትባል ብትሆንም፣ በቆየው ስሌት እንኳ 10.7 ነው፤ ደም ማነስ አለባት። ከፍታው ተሰልቶ በ2016ቱ ጥናት ደም ማነስ የተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮች 29 በመቶ ነበሩ።

ምግብ ብቻውን ይህን ዕዳ አይከፍልም። «ቀይ ጤፍ ለደም ነው» ሲባል ብዙ ዘመን ኖሯል፤ በጤፍ ላይ የሚለካው አይረንም በእርግጥ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ከዚያ ብዙው እህሉ በአውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከአፈሩ የተቀላቀለ በመሆኑ አንጀት እምብዛም አይመጠውም። በእህሉ ያለው ፋይቴትም አይረኑን አስሮ ይይዘዋል፤ የእርሾው መብላላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ቀይ ሥርም ቀለሙ ደም መስሎ ቢታይ አይረኑ ጥቂት ነው፤ የሚያስመሰግነው ፎሌቱ (በምግብ ውስጥ ያለው የፎሊክ አሲድ ዓይነት) ነው። ከሥጋ የሚገኘው አይረን በቀላሉ ይመጠጣል፤ ሥጋ ግን ለብዙ ቤት የበዓል ምግብ ነው፣ በጾም ወራትም ጭራሽ አይቀርብም። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን መተው የለባቸውም፤ ሎሚ ወይም ቃሪያ ቢጨመርባቸው በውስጣቸው ያለው አይረን ይበልጥ ይመጠጣል።

ቡና ከሁሉ በላይ ሊነገርለት የሚገባ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከምግብ የሚመጠጠውን አይረን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ የሚያስገርመው ስለ ሰዓቱ የተገኘው ነው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ጉዳት አላመጣም፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ጎድቷል። ከምሳ በኋላ ተቀምጦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚጠጣበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነፍሰ ጡሯን ከቡና ማስነሣት ከጎረቤት ማስነሣት ስለሆነ አይሳካም፤ ኪኒኑን ግን ማታ ሲተኙ መዋጥ ይቻላል። የማታ ሰዓት ሌላም ጥቅም አለው። ማቅለሽለሹን በእንቅልፍ ያሳልፋል፤ ጾመኛዋ «ኪኒን ጾሜን ይገድፍብኛል» ብላ እንዳትተወው ያደርጋል፤ በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ ይመቻል። ለቃር የሚወሰድ መድኃኒትና የካልሲየም ኪኒን አይረኑን ስለሚከለክሉ በሰዓታት መራቅ አለባቸው፤ የታይሮይድ መድኃኒትም በአይረኑ ስለሚከለከል እንዲሁ።

በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። ኪኒኑን በቅርቡ የጀመረች ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሆዴን አደረቀኝ፤ ሰገራዬም እንደ ከሰል ጠቆረ። ውስጤ እየደማ ይሆን?» ትላለች። መልሱ አጭር ነው፦ «አይዞሽ እህቴ፣ ያጠቆረው ሳይመጠጥ የቀረው አይረን ነው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ተመለሺ።» ይህ ቃል ኪኒኑ ሲሰጥ በመጀመሪያው ቀን ተነግሯት ቢሆን ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ባልፈራች ነበር። ብዙዎች ግን ለመጠየቅ አይመለሱም፤ ፈርተው ይተዉታል። ሌላው ፍርሃት «ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይከብዳል» የሚለው ነው። ኪኒኑ ክብደቱ ያነሰና ያለ ጊዜው የሚወለድ ልጅ እንዳይኖር ያግዛል እንጂ ልጅ አያገዝፍም። አማቷና ባሏ ሳይሰሙት ግን ነፍሰ ጡሯ ብቻ ብታምነው ዋጋ የለውም፤ ቤት ውስጥ ስለ ኪኒኑ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸውና።

በዚህ ምክንያት ነው በ2016ቱ ጥናት አይረን ወስደናል ያሉት እናቶች 42 በመቶ ሆነው ሳለ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ የሆኑት። በ16ኛው ሳምንት የጀመረች ሴት እስክትወልድ ከ160 በላይ ኪኒን ያስፈልጋታል። በየቀጠሮው 30 ፍሬ ብቻ ሲሰጣት፣ ቀጠሮው ሲዘገይ ወይም ከመጋዘኑ ሲያልቅ መሃሉ ባዶ ይሆናል። እናቶችን «አይወስዱም» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ የጎደለውን የመቁጠር ኃላፊነት ግን የሰጪው ነው።

ኪኒኑን መታገሥ ላቃታት ሴት ከመተው በፊት ሌላ መንገድ አለ። አይረን በብዛት ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም አንጀትን ለአንድ ቀን ያህል ይዘጋል። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባልረገዙ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን አሳይቷል። ለነፍሰ ጡር መመሪያው አሁንም በየቀኑ ነው፤ በየቀኑ መውሰድ አልሆን ያላት ሴት ግን ከባለሙያዋ ጋር ተመካክራ ቀን እየዘለለች ብትወስድ ፈጽሞ ከመተው በእጅጉ ይሻላል። ከምግብ ጋር መዋጥም የሚመጠጠውን ቢቀንስ ኪኒኑ እንዳይተው ያደርጋል።

ደም ማነስ ከተገኘ መጠኑ በቀን ወደ 120 ሚሊግራም ከፍ ብሎ ሄሞግሎቢኑ ወደ ልኩ እስኪመለስ ይቀጥላል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ 1 ግራም ያህል መጨመር አለበት። ካልጨመረ ተጨማሪ ኪኒን ከመስጠት በፊት ምክንያቱ ይፈለግ። ኪኒኑ በእርግጥ ተውጧል? መንጠቆ ትል ደሟን እየመጠጠ ይሆን? ወባ አለባት? የትል መድኃኒት ከመጀመሪያው ሦስት ወር በኋላ ይሰጣል፤ በቆላ የምትኖር ሴት ደግሞ አጎበር ከሌላት አይረኑ ብቻውን አይበቃትም።

ቤት ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ሳይነገር መቅረት የለበትም። ኪኒኑ ብዙ ጊዜ ቀይና ጣፋጭ ልባስ ያለው በመሆኑ ለሕፃን ከረሜላ ይመስላል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 10 ፍሬ ቢውጥ በኪሎ 60 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህ ሊገድል የሚችል መጠን ነው። ማስታወክ ጀምሮ ለጥቂት ሰዓት የተሻለው መስሎ ቢታይም ወዲያው ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ከወለደች በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት አይረን መቀጠል አለበት፤ በወሊድ የፈሰሰው ደም ያለ ምትክ እንዳይቀር። ይህ የሚረሳው እናት ከወለደች ወዲያ ለራሷ ወደ ጤና ጣቢያ ስለማትመለስ ነው። ለልጇ ክትባት ግን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ትመጣለች። የአይረኑ እሽግ በክትባቱ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥና ካርዱን የምትሞላዋ ነርስ «አንቺስ ኪኒንሽን ጨረስሽ?» ብላ ብትጠይቅ የዚያ ወቅት ክፍተት በአብዛኛው ይዘጋል።