ሞተሪኖና አካላቷ

ከደሴ ተነሥቶ በጊምባና በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉትን የለጋምቦን ደጋዎች የሚያቋርጥ ስለሆነ፣ በዚያ መስመር የሚመላለሱ ነጂዎች ውርጭ ያደረበትን ሞተር ጎሕ ሳይቀድ ማስነሣት ግዴታቸው ነው፤ በዚያም ሰዓት ብዙ ኩንታል የሚጎትተው የመኪናው ጉልበት ሁሉ፣ አንድ ሰው በክንዱ በሚያነሣት ሞተሪኖ በምትባል አነስተኛ መሣሪያ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል።

ሞተር ነዳጅ አቃጥሎ ኃይል የሚሰጠው አስቀድሞ አየር ስቦ ሲያምቅ ነው፤ ለመሳብና ለማመቅ ደግሞ መዞር አለበት፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር የሚሰጠው ረዳት ያሻዋል። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ባመጣበት ዘመን ይህ ረዳት የሰው ክንድ ነበር፤ የብረቱም መዘውር በድንገት ወደ ኋላ ሲመለስ የነጂዎችን አጥንት ይሰብር ነበር። ከዚህ መከራ ያዳነን አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። እርሱ ቀደም ሲል የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ መሣሪያ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ያደረገ ሰው ነበርና፣ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ የሚሠራ ሞተር ዘወትር ከሚሠራው ይልቅ እጅግ የበዛ ሸክም ሊችል እንደሚችል አስተዋለ፤ በዚህም ጥበብ በ1904 ዓ.ም. የካዲላክ አውቶሞቢሎች ያለ መዘውር መነሣት ጀመሩ። ይህን ምሥጢር የዘነጋ ነጂ በብርድ ቁልፉን ጨብጦ ሲቆይ ሞተሪኖዋን ራሱ ያቃጥላታል፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ሳይይዝ፣ በየመካከሉም እያሳረፈ ሊሞክር ይገባዋል።

ቁልፉ በዞረ ጊዜ ከባትሪው ጥቂት ኤሌክትሪክ ሶሌኖይድ ወደሚባለው የሞተሪኖዋ ማብሪያ ይሄዳል፤ በውስጡ ካሉት ሁለት የሽቦ ጥቅሎችም ብርቱው የብረቱን ዘንግ ስቦ ያስገባዋል፣ ሁለተኛው ይዞ ያቆየዋል። ዘንጉ በተሳበ ጊዜ በአንድ ወገን ቤንዲክስ የሚባለውን ባለ ጥርስ ክፍል ገፍቶ ትንሹን ጥርሱን ከፍላይዊሉ፣ ማለት ከሞተሩ ትልቅ መንኮራኩር፣ ጥርስ ጋር ያገናኛል፤ በሌላው ወገን የመዳብ ኮንታክቶችን ያጋጥምና በመቶዎች አምፔር ለሚቆጠር ኤሌክትሪክ በሩን ይከፍታል። ይህም ኤሌክትሪክ በሚያሻግሩት ካርቦኖች በኩል ኮሚውቴተር ወደሚባለው የመዳብ ቀለበት፣ ከዚያም ሽቦ ወደተጠመጠመበት ተሽከርካሪ አካል፣ ወደ አርማቸሩ፣ ሲደርስ አርማቸሩ በማግኔት ኃይል መዞር ይጀምራል። የቤንዲክሱ ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 11፣ የፍላይዊሉ ግን ከ100 የሚበልጡ ስለሆኑ፣ ሞተሪኖዋ በፍጥነት የከፈለችው በጉልበት ይመለስላታል። ሞተሩ ተነሥቶ በራሱ ሲፈጥን ግን ነገሩ ተገልብጦ ትልቁ ትንሿን አዙሮ እንዳይበታትናት፣ ቤንዲክሱ የብስክሌት ፔዳል ቆሞ የኋላ ጎማው እንደሚዞር ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል፤ በእኔ አስተያየት ከአካላቷ ሁሉ እጅግ የሚደነቀው ይህ ነው።

የደጋው ብርድ የሞተር ዘይት ያወፍራል፣ የባትሪንም አቅም ይቀንሳል፤ በ3000 ሜትር ከፍታ ያለው አየርም ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ ዲዝል ሞተር ለመነሣት ረዘም ያለ ዙር ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ካርቦንና የአርማቸሩን ዘንግ የሚይዘው ቡሽ ቶሎ ያልቃሉ። ነጂውም ማታ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ጠዋት በግፊ ማስነሣትን ይለምዳል፤ ይህ ግን ሕመሙን ያዘገያል እንጂ አያድንም። ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው ጫፍ ዝጓል፣ ወይም የሶሌኖይዱ ኮንታክት ተበልቷል፤ ሞተሪኖዋ ብቻዋን ተሽከርክራ ሞተሩ ካልዞረ ቤንዲክሱ አልቋል፤ በመዶሻ ቀስ ተብላ ስትመታ የምትነሣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ካርቦኖቿ አጥረዋል። ከነዚህ አንዱም ሙሉ ሞተሪኖ የሚያስጥል አይደለም። መለዋወጫ እስኪመጣ መኪና ቆሞ በሚከርምበት አገር፣ ሳይከፍቱና ሳይመረምሩ «ሞታለች» ብሎ መፍረድ በባለ መኪናው ላይ ከባድ በደል ነው።

አርማቸሩ ተቃጥሎ መለወጥ ግድ ሲሆን ግን ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወዳሉ የመለዋወጫ ሻጮች መላክ ይመጣል። በቃል «የአይሱዙ» ወይም «የሃይሉክስ» ብሎ ማዘዝ ለስሕተት ይዳርጋል፤ በአንድ ስም በሚጠሩ መኪናዎች ላይ ልዩ ልዩ ሞተሪኖዎች ይገጠማሉና። በአካሏ ላይ የተጻፈው ቁጥር ተገልብጦ ይሂድ፤ ቶዮታ ለሞተሪኖ የሚሰጠው ቁጥር ለምሳሌ በ28100 ይጀምራል። ቁጥሩ ከጠፋ አሮጌዋን ራሷን መላክ ይሻላል፤ ሻጩም ቮልቷን (በትንንሽ መኪናዎች 12፣ በብዙ የጭነት መኪናዎች 24)፣ የጥርሷን ብዛት፣ የምትዞርበትን አቅጣጫና የብሎን ቀዳዳዎቿን አመሳክሮ ይስጥ። መካኒኩም አዲሲቱን ከመግጠሙ በፊት በቀዳዳው አጮልቆ ሞተሩን በእጁ ቀስ በቀስ እያዞረ የፍላይዊሉን ጥርሶች አንድ በአንድ ይመልከት፤ አንድ ወገናቸው የተበላ ከሆነ አዲሱን ቤንዲክስ በጥቂት ሳምንት ይፈጁታል።