ደንቡ ሳይታጠፍ የተገኘ ፍትሕ

ለብሔራዊ ቡድን መመረጥ ያለበት ማን ነው? በማጣሪያው ዕለት የቀደመ ወይስ ዓመቱን ሲያሸንፍ የቆየ? ነገሩ የስፖርት ይምሰል እንጂ፣ ሕግ ለተማርኩት ለእኔ የፍትሕ ጥያቄ ነው። የአሜሪካዊቷ የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ተወዳዳሪ የኤሪን ጃክሰን የመጀመሪያ ዓመታት ጥያቄውን በሁለቱም ወገን ያሳዩናል።

ኤሪን እ.ኤ.አ. በ1992 በሞቃታማዋ ፍሎሪዳ፣ ኦካላ ከተማ ተወለደች። ያደገችው ባለ ጎማ ጫማ አድርጋ ስትሽቀዳደም ነው። በ2015 ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመረቀች። ጎማውን በስለት ለውጣ በረዶ ላይ መለማመድ ከጀመረች አራት ወር ገደማ ሲሆናት፣ ለ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ማጣሪያውን አለፈች። በ500 ሜትር 24ኛ ወጣች። ማጣሪያው ስምና ዝና ቢጠይቅ ኖሮ ያቺን ጀማሪ ማን ያስገባት ነበር?

ያው ማጣሪያ ግን በጥር 2022 በሩን ዘጋባት። ኤሪን በኅዳር 2021 ፖላንድ ላይ የዓለም ዋንጫ ውድድር አሸንፋ፣ በርቀቱ ከዓለም አንደኛ ሆና ነበር። በሚልዋኪው ማጣሪያ ግን እግሯ ከዳትና ሦስተኛ ወጣች። አሜሪካ የነበራት ኮታ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ የወጣችው ብሪትኒ ቦው የኦካላ ልጅና የቡድን ጓደኛዋ ነበረች፤ ቦታዋን ለኤሪን ለቀቀችላት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኮሚቴው «የዓለም አንደኛ ናት» ብሎ ደንቡን ቢያጥፍላት ኖሮ፣ ነገ ለዘመዱ የሚያጥፍ ሌላ ኮሚቴ ይመጣ ነበር። መብቱ የቦው ነው፤ ባለመብት ደግሞ መብቱን መተው ይችላል። ስለዚህ ደንቡ ሳይነካ ውጤቱ ተቃና። በኋላ ተጨማሪ ኮታ ተገኝቶ ቦውም በርቀቱ ተወዳደረች።

የካቲት 2022 ቤጂንግ ላይ ኤሪን በ37.04 ሰከንድ ወርቁን ወሰደች። በክረምት ኦሊምፒክ በግል ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ቦውም በ1000 ሜትር ነሐስ አገኘች።

የቦው ልግስና ያስመሰግናታል። ነገር ግን ፍትሕ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ሁልጊዜ ቦው አትገኝም። ልዩ ሁኔታ የሚያስፈልግ ከሆነ ከውድድሩ በፊት፣ ማን እንደሚወድቅ ሳይታወቅ ይጻፍ። ከውድድሩ በኋላ የሚጻፍ ደንብ አድልዎ ነው።